«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፦ በቋንቋችን ተሠርቶ ለእኛ የዘገየ ፊልም

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላል የአገራችን ተረት። ስለ አንድ አሮጌ ፊልም ታሪክ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ አባባል ነው፤ በዚህ ፊልም ላይ የደረሰው ግን የተረቱ ተገላቢጦሽ ነው። ባዕዳን አሞሌውን ተቀበሉት፣ አከበሩት፣ ሸለሙት፣ ሲያረጅም አድሰው በክብር አስቀመጡት። የአሞሌው ባለቤቶች እኛ ግን አብዛኞቻችን ቀምሰነው አናውቅም።

ፊልሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚነገርበት ቋንቋ አማርኛ ነው። የተቀረጸው በ1974 ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ1976 ነው። ማኅበራችን የተመሠረተበትን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ለመጽሔቱ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ስጠየቅ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ከመጻፍ ይልቅ ይህን ፊልም መረጥኩ። ለምን እንደ መረጥኩት ውድ አንባብያን ወደ መጨረሻው ላይ ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ አመለክታለሁ።

አዘጋጁ ማን ናቸው?

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ የቲያትር ጸሐፊ ነበሩ፤ ልጁም በአባቱ የቲያትር ጓድ ውስጥ እየተጫወተ አደገ። ፕሮፌሰሩ በየጊዜው በሰጡት ቃለ መጠይቅ ደጋግመው የሚያነሡት ሌላው ትምህርት ቤታቸው ደግሞ የእሳት ዳሩ ጨዋታ፣ በተለይም የአያታቸው ተረት ነው። ያደጉበት ዘመን በከተማው ሲኒማ ቤት የሚታየው ሁሉ የውጭ ፊልም የነበረበት ዘመን ነው። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ ኃይሌ ያን ጊዜ ገና የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ።

በ1967 ወደ አሜሪካ መጥተው በቺካጎ ከተማ በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ለጥቁር ተማሪ ይሰጥ የነበረው የመድረክ ቦታ አላረካቸውም። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ዘመን በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች፣ ለምሳሌ ቻርልስ በርኔትና ቆየት ብላም ጁሊ ዳሽ፣ የሆሊዉድን አሠራር ትተው የራሳቸውን ኑሮ በራሳቸው መንገድ ለመቅረጽ የተነሡ ነበሩ። ኃይሌም ከነዚሁ ጋር ሆነው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም ሠሩ። እንግዲህ በባዕድ አገር የሌላውን ወገን ጭቆና መቅረጽ የተማረው ተማሪ፣ ካሜራውን ይዞ ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልግበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

የ1974 ክረምት

ያ ክረምት ምን ዓይነት ክረምት እንደ ነበር ዕድሜያቸው የደረሰ አንባብያን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የወሎ ረሃብ ሬሳውን ገና አልቀበረም። ወታደሩ አምጿል፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዷል፤ ሚኒስትሮችና መሳፍንት አንድ በአንድ እየተያዙ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ገና ከዙፋናቸው አልወረዱም። ኃይሌ ገሪማ ከጥቂት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አገር ቤት ገብተው ፊልሙን የቀረጹት በዚህ ወቅት ነው። የቀረጻው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። የካሜራው ባለሙያ ኤልየት ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የተጠቀሙበት ካሜራ ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነበር። ሙዚቃውን ያዘጋጁት የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሪ የነበሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው። አርቲስት ተስፋዬ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ኖረው በ2013 ያረፉ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን በቅርብ ያውቋቸዋል።

ተዋንያኑ ትወና ሙያቸው አልነበረም። ገብሩ ካሣ፣ ካሱ አስፋው፣ ወርቁ ካሣ፣ አዳነ መላኩ፣ ሐረገወይን ታፈረና ሌሎችም በፊልሙ ላይ የሚታዩት እንደሚያውቁት ኑሮ ሆነው ነው። በፊልሙ ውስጥ ሰው ሲያርስ በእርግጥ እያረሰ ነው፤ እንጨት የሚሸከመውም የለመደው ጀርባ ነው። ይህን ያህል እውነት የሆነ ነገር በሁለት ሳምንት መቅረጽ የተቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን ስለ ሌላ ፊልም ማንሣት ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም፣ የቤተ መንግሥቱ ግብዣ እየተሰነገበት በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። አንዱ ፊልም በአንድ ሌሊት ሥራውን ሠርቶ አለፈ። ሌላው በዚያው ክረምት ተቀርጾ፣ ገና ያልታጠበ ፊልም ሆኖ በቆርቆሮ ታሽጎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የመጀመሪያው ዘውድ ለመጣል አገለገለ፤ የሁለተኛው ጥያቄ ግን ከዘውድ የሰፋ ስለ ነበር ዘውዱ ከወደቀ በኋላም አልተመለሰም።

ፊልሙ ምን ያሳያል?

ታሪኩ ሲነገር አጭር ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናት፣ አያትና ልጆች፣ በአንድ ባለ መሬት ርስት ላይ ተቀምጦ ያርሳል። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ወደ ሥራ ይሰማራል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ባለ መሬቱ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ወደ ታች ይመለከታል፤ ይጮኻል፤ ይሳደባል፤ ያዛል። ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ። በመንደሩ ሰው ዘንድ እብድ የሚባለው ከበበ ደግሞ በአንድ ወቅት የራሱ መሬት የነበረው፣ አሁን ግን ተነጥቆ ድልድይ ሥር የሚያድር ሰው ነው። ፊት ለፊት እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ይሞላል። ትንሿ እረኛ የባለ መሬቱን ላም ለማዳን ስትል ጎርፉ ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ ከበበ ዱላውን ያነሣል፤ ባለ መሬቱም በእብዱ እጅ ይሞታል።

ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ እስኪደርስ ድረስ ካሜራው ቆሞ ይጠብቀዋል። ለፈጣን ፊልም የለመደ ዓይን ይሰለቻል። በዚያው በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትና በ2010 ያረፉት ኢትዮጵያዊው ምሁር ተሾመ ገብርኤል፣ ስለ ሦስተኛው ዓለም ፊልም በጻፏቸው ሥራዎች ይህን ዝግታ ጉድለት ነው አላሉም። ጊዜንና ቦታን የምናይበት መንገድ ከባህላችን የመጣ ስለሆነ ፊልማችንም የራሱ እርምጃ አለው ብለው ተከራክረዋል። እኔም ሳስበው፣ የገበሬ ቀን ረጅም ነው። የሰው ድካም እንዲሰማን ከተፈለገ ድካሙን በሁለት ደቂቃ ቆርጦ ማሳየት አይቻልም።

ከሁሉ የማይረሳው የሕልሙ ትዕይንት ነው። በሕልም ውስጥ ሰዎቹ እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው፣ ባለ መሬቱ ከኋላ ሆኖ እየነዳቸው ሲያርሱ ይታያል። ስለ ጭሰኝነት ብዙ የተማሪ ወረቀትና ብዙ የፓርቲ መጽሔት አንብቤአለሁ፤ በአእምሮዬ የቀረው ግን ያ ሥዕል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ልማድ ነገሥታት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ይነገራል። እረኛ፣ አዝማሪና እብድ ሌላው የማይደፍረውን እንዲናገሩ ይተዉ ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ክሱ የሚሰማው በነዚህ አፍ ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌም ሸክሙን በእረኛዋ፣ ንግግሩን በእብዱ ላይ ያደረጉት ከውጭ ተምረው ሳይሆን ከእሳት ዳሩ ይዘውት መጥተው ይመስለኛል። የውጭ ተመልካች ከበበን ሲያይ ምናልባት አብዮተኛ ያይ ይሆናል። የእኛ ሰው ግን በየሰፈሩ የሚያውቀውን፣ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበትን፣ ሽማግሌዎች ግን ቆም ብለው የሚያዳምጡትን ሰው ያያል።

በውጭው ዓለም የተደረገለት አቀባበል

ፊልሙ ተዘጋጅቶ ያለቀው አሜሪካ ውስጥ ነው። በግንቦት 1976 በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይ ሐያስያን በሚመርጡት ክፍል ታየ። በዚያው ዓመት በስዊስ በሎካርኖ የፊልም በዓል «የብር ነብር» የተባለውን ሽልማት አገኘ፤ በፈረንሳዊው የፊልም ታሪክ ጸሐፊ በጆርጅ ሳዱል ስም የሚሰጠውን ሽልማትም ተቀበለ። ለአንድ ተማሪ፣ በሁለት ሳምንት ለተቀረጸ፣ በአማርኛ ለሚነገር ፊልም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ በካን አዳራሽ ፊልሙ ሲታይ በአገር ቤት ሁኔታው ሁሉ ተለውጦ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት አድርጎ፣ ጭሰኝነትን ሰርዞ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኗል። ተማሪው በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ «መሬት ላራሹ» ካለ ልክ 10 ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ አውሮፓውያን ፊልሙን ሲያዩ የሚያዩት የተፈጸመ ታሪክ፣ የወደቀ ሥርዓት መዝገብ መሰላቸው። ሲቀረጽ ግን ባለ መሬቱም ንጉሡም በቦታቸው ነበሩ።

ከ30 ዓመት በኋላ በጣልያን የቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤተ መዛግብት አሮጌውን ቅጂ አደሰው፤ በ2006 እንደገና በካን ታየ። ታዋቂው አሜሪካዊ የፊልም ሰው ማርቲን ስኮርሴዚም ስለዚህ ፊልም ሲጽፍ፣ አንዱ ሥርዓት ወድቆ ሌላው ገና ሳይጸና በነበረው ልዩ ወቅት መሠራቱን ጠቅሶ፣ ፍትሕ የተጠማ የአንድ ሕዝብ ሙሉ ታሪክ ነው ብሎ አመስግኖታል።

በእኛ ዘንድስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ በአገር ቤት ሰው ተሰብስቦ በነፃ የሚወያይበት ዘመን አልነበረም። ከ1976 እስከ 1978 የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን የተሰደድነው ከዚያ ነው። መሬቱ ከባለ ርስቱ ወጥቶ በመንግሥት እጅ ገባ፤ ገበሬው ግን ኮታና ምልመላ ተተካለት። ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ወደ ታች የሚጮህ ሰው ልብሱን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ፕሮፌሰር ኃይሌም በዚህ ላይ ዝም አላሉም፤ በ2008 በወጣውና በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ባገኘው በ«ጤዛ» የዚያን ዘመን ደም አሳይተውናል። ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ ያየ ሰው «ጤዛ» ለ«ምርት» የተጻፈ መልስ መሆኑን ይረዳል።

በስደትስ? በስደት የነበርነው ደግሞ በየድርጅታችን ተከፋፍለን ነበር። ፊልም ሲታይ «ጥሩ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «የማን ነው?» ማለት ይቀድም ነበር። በዚያ ላይ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም እንደ ቪዲዮ ካሴት ከሱቅ ተገዝቶ ሳሎን የሚታይ አይደለም። ማሳያ መሣሪያ፣ አዳራሽና ባለሙያ ይጠይቃል። ፕሮፌሰሩ በ1982 ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር የራሳቸውን የፊልም ማከፋፈያ ያቋቋሙት የፊልም ኩባንያዎች በራቸውን ስለማይከፍቱላቸው ነው። በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ» ደግሞ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ በየከተማው የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት እየረዷቸው አሳዩት፤ በ1997ም በዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከ1975 ጀምሮ ባስተማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ በዚሁ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት «ሳንኮፋ»ን የራሳቸው አድርገው ተሸከሙት። የአማርኛውን ፊልም ግን እንዲህ የተሸከመው የእኛ ማኅበር ብዙ አልነበረም። ይህን የምለው ሰውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቢሆንም ከተወቃሾቹ አንዱ እኔ ራሴ መሆኔን አሁን እናገራለሁ።

ሁለት ጊዜ አየሁት

ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1980ዎቹ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነው። ከተመልካቹ አብዛኛው የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን አምስት ብንሆን ነው። እነሱ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ እኛ እናዳምጣለን። ከበበ አንድ ነገር ሲናገር እኛ ስንስቅ እነሱ ዞረው ያዩናል፤ ጽሑፉ ደርሶ እነሱ ሲስቁ ደግሞ እኛ አልፈነዋል።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከአዳራሹ የወጣሁት ተቆጥቼ ነው። «ገበናችንን አደባባይ አወጣብን» አልኩ። በረሃብ ብቻ በሚያውቀን ሕዝብ ፊት ጭሰኛው ሲዋረድ፣ ጌታው ሲሳደብ ማሳየት ምን ይጠቅማል? አክሱም የለንም? ላሊበላ የለንም? አንዲት የዚህ አገር ተማሪ መጥታ «ይህ ነገር በእርግጥ ነበረ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ተጋንኗል» ብዬ መለስኩላት። የእናቴ ወገኖች በደቡብ በኩል መሬት ነበራቸው። ያንን ለልጅቷ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቴ ነው። ፊልሙ በዲስክ ተቀድቶ እጄ ገብቶ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለሕክምና መጥተው ከእኛ ጋር ሰንብተዋል። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጄም በዚያን ምሽት ቤት ነበረች። ሦስታችን ተቀመጥን። ያን ጊዜ በአዳራሹ ፈረንጆቹ ያነቡት የነበረውን ጽሑፍ አሁን የምታነበው የእኔ ልጅ ሆና አገኘኋት። ይህ ብቻውን አንድ ትምህርት ነበር።

ጥቂት እንደ ሄደ ልጄ «ተከራይ ናቸው ይላል፤ እንደ እኛ ቤት ተከራይተው ነው?» ብላ ጠየቀች። ጽሑፉ «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል የተረጎመው በዚያ ነበር። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት አጎቴ ቀደሙኝ። «አይደለም ልጄ፤ ተከራይ ኪራዩን ከፍሎ በሩን ይዘጋል። ጭሰኛ የሚዘጋው በር የለውም» አሉ። ከዚያም አስረዷት፦ እህሉ ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲከመር ከአሥር አንዱ አስራት ተብሎ ይነሣል፤ ከቀረው እንደ ስምምነቱ ሢሶው ወይም እኩሌታው ለባለ መሬቱ ይሰፈራል፤ ዘርና በሬ የሌለው እኩል አራሽ ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ለበዓል በግ፣ ማር፣ የጉልበት ሥራ አለ፤ ባለ መሬቱ ውጣ ካለው ደግሞ ይወጣል። አስራቱ በ1960 ዓ.ም. በሕግ ተሽሮ በእርሻ ገቢ ግብር ተተክቶ ነበር፤ «አውድማው ላይ ግን ሕጉን ያነበበ አልነበረም» አሉ።

ልጄ «እርስዎ ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ?» አለቻቸው። አጎቴ ዝም ብለው ፊልሙን ማየት ቀጠሉ። ጎርፉ ልጅቷን ሲወስዳት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ፊልሙ አልቆ መብራት ካበራሁ በኋላ ነው የተናገሩት። የ19 ዓመት ልጅ ሆነው ለአባታቸው ወኪል ሆነው ወደ አውድማ ይላኩ ነበር፤ ሥራቸው መቁጠር ነው። «አንድ ዓመት ዝናብ ቀርቶ እህሉ ጥቂት ነበር። የሰውየው ሚስት ጥላ ሥር አስቀምጣ ቡና አፈላችልኝ። ለምን እንዳፈላችው አውቃለሁ። ቡናዋን ጠጣሁ፤ ቁናውንም አንድ ሳላጎድል ቆጠርኩ» አሉ። ልጄ «ለአባትዎ ቀነስ ይደረግላቸው ማለት አይችሉም ነበር?» ስትላቸው፣ «ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

እኔ ለ30 ዓመት «ተጋንኗል» ስለው የኖርኩት ነገር በገዛ ቤተሰቤ ውስጥ ነበር ማለት ነው። አጎቴ ወደ አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት ደግመን ስለዚህ አልተነጋገርንም። ልጄ ግን ያን ምሽት ስለ አገሯ ያወቀችው እኔ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከነገርኳት ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ማኅበራችን

ማኅበራችን ባለፉት 10 ዓመታት ለቅሶ ደርሷል፣ አዲስ መጤ ተቀብሏል፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት ከፍቷል። በአዳራሻችን ሲሰበሰቡ የማየው ሕዝብ የባለ መሬት ልጅም ነው፣ የጭሰኛ ልጅም ነው፣ የወታደር ልጅም ነው። እዚህ ሁሉም እኩል ሠራተኛ፣ እኩል ተከራይ ሆኗል። ያለፈውን ግን ተነጋግረንበት ሳይሆን ላለመጣላት ስንል ዘግተነው ነው አብረን የምንቀመጠው። ይህም በጎ ነገር አለው፤ ሆኖም የዘጋነውን የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ከዓመት ዓመት እያለቁብን ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚመጣው ዓመት ይህን ፊልም የሚመለከታቸውን አስፈቅደን በአዳራሻችን እናሳይ። ሽማግሌዎቹና ወጣቶቹ ተቀላቅለው ይቀመጡ። ከፊልሙ በኋላ ንግግር የሚያደርግ የክብር እንግዳ አያስፈልግም፤ ቡና ይፈላና ልጆች ይጠይቁ፣ የሚያውቅ ይመልስ፣ ፈቃደኛ የሆነውንም ድምፁን እንቅዳ። «ተጋንኗል» የሚል ካለ ይበል፤ እኔም ብዬዋለሁና አልቀየመውም። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚል ግን ይስማ።

ካንም ሎካርኖም ቦሎኛም የበኩላቸውን አድርገዋል። የቀረው የባለቤቶቹ ድርሻ ነው።